ኪሴ ሳስቶ ሳለ የገዛኋቸው አልበሞች

የምፈልጋቸው አልበሞች ዝርዝር ያለው በአንድ አሮጌ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። 19 አልበም ተጽፎበታል። ከጀመርኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን የተሰረዙት ስድስት ብቻ ናቸው። የምሰርዘው በቀጭን መስመር ነው፤ ስሙ ከሥሩ እንዲነበብ እፈልጋለሁ።

ከደመወዜ ላይ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ሲነሳ የሚተርፈኝ ትንሽ ነው። ከዚያች ትንሽ ላይ ቆንጥሬ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፖስታው ለአንድ አልበም እስኪበቃ ሁለት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሦስት። እንደዚህ ጠብቆ የገዙት ነገር አንጀት ካላራሰ ያናድዳል። ስለዚህ የትኛው ቀድሞ ይገዛ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ነገር አጥብቄ አስብበታለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ «ሁሉም ነገር ስልክሽ ላይ በነጻ አለ፣ ለምን ትገዣለሽ?» ይሉኛል። አለ፣ እውነት ነው። ግን እንዴት እንዳለ እዩት። ከእኛ አሮጌ ሙዚቃ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የተጫነው ብዙው የዘፋኙ ስም የተሳሳተ፣ ርዕሱ የሌላ ዘፈን፣ መጨረሻው የተቆረጠ ነው። ክራሩን ማን እንደመታው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው የሚነግራችሁ የለም። ደግሞ ዛሬ ያስቀመጣችሁት ነገ ከዝርዝራችሁ ይጠፋል። እኔ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል። የገዛሁት ግን አይጠፋም።

አንድ ዘዴ አለኝ። ልገዛ ያሰብኩትን አልበም መጀመሪያ አንድ ወር ሙሉ በነጻ እሰማዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ማታ ስመለስ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በአራተኛው ሳምንት አንድም ዘፈን ሳልዘል መጨረሻው ከደረስኩ ይገዛል። ከዘለልኩ ይቆያል። በዚህ መንገድ የወደቁ አልበሞች አሉ፤ አንድ ዘፈናቸው ልብ የሚሰርቅ፣ የቀረው ሰባት ለመሙያ የገባ። ለአንድ ዘፈን ሲባል የሁለት ወር ፖስታ አይራገፍም።

መጀመሪያ የተሰረዘው የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አልበሞቹ ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው።) ብዙ ሰው «ሸሞንሟናዬ» ብሎ ነው የሚያውቀው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ውስጥ ለዓመታት ተጫውቷል። በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱ፤ ከመካከላቸው ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከዚያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ይህን ሁሉ ብቻውን ሠራው። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን። ባንድ የለም። ድምፃዊ የለም።

የልጅነት መሣሪያው አኮርዲዮን ነው፤ ይህን ካወቃችሁ በኋላ አልበሙን ስትሰሙት ሌላ ነው። ድራም ማሽኑ አይደክምም፣ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል። ምቱ ካለፈ በኋላ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል፤ ድምፁን ይለጥጠዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። በጆሮ ማዳመጫ ከሰማችሁት ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ያለው መጎተት ይታወቃችኋል። ከሥሩ ደግሞ ሲንተሳይዘሩ ወፍራም ባስ እያሰማ ይሄዳል። ከአገሩ የወጣ ሰው ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚያውቀውን ዜማ ሲያስታውስ እንዲህ ነው የሚመስለኝ። ሐዘን ብቻ አይደለም። ደስታም አለበት፣ ግን ድምፁን ዝቅ ያደረገ ደስታ።

አንድ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ከፍቼው እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አለችና «ይሄን ማነው ያለ ዘፋኝ የሚጫወተው?» አለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ግጥሙን ራሷ ማንጎራጎር ጀመረች። ያን ሁሉ ቃል ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ዜማው ባዶ ቦታ ትቶላት ነበር፣ እሷ ሞላችው። አልበሙ ሲያልቅ «ድገሚው እስቲ» አለችኝ።

የኃይሉ ታሪክ ቀጥሎ ያለው ክፍል ብዙ ተነግሯል፤ ግን ለምን ገንዘቤን እንደሰጠሁ ስለሚያስረዳ ልድገመው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ኤርፖርት ላይ ደንበኛ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመዳል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ኢትዮጵያ ውስጥ አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚለው አሳታሚው በኩል በ2013 በድጋሚ አወጣው። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ለእኩል እንደሚካፈል ይናገራል። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። የእኔ ትንሽ ፖስታ ወደ ሠሪው የምትደርስበት መንገድ ሲኖር ደስ ይለኛል።

ጉድለቱንም ልናገር። የድራም ማሽኑ ድምፅ ቀጭን ነው። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ቆርቆሮ የተመታ ይመስላል፣ ባሱም ጭራሽ ይጠፋል። አንዳንዶቹ ዜማዎች ደግሞ በፍጥነትም በስሜትም ስለሚቀራረቡ፣ ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ ከሆነ የትኛው ላይ እንዳላችሁ አትለዩም። ለእኔ ይህ አልከበደኝም። ሞቅ ያለ ባንድ የሚፈልግ ሰው ግን ከዋልያስ ጋር በ1977 የሠሩትን «ቼ በለው» ያስቀድም። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ገብቶበታል። እሱም ተሰርዟል፣ አራተኛ ሆኖ።

አሁን ደግሞ ስለ ስብስብ አልበሞች። በጀት ለሚቆጥር ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ምርጥ ዘፈኖች የሚል ስብስብ አትግዛ፣ ዋናውን አልበም ግዛ» ነው። ለብዙ አገር ሙዚቃ ይሠራል። ለእኛ የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሙዚቃ ግን አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዋናው አልበም የሚባለው ነገር በብዛት አልነበረም። ያኔ ዘፈን የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነበር፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት አንድ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር የሸክላ ንግድ በሕግ ለአንድ ተቋም ብቻ የተፈቀደ ነበር። እሱ ደፍሮ ገባበት። እስከ 1975 ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተመ፤ ትልልቆቹ ግን ደርዘን ቢሆኑ ነው። እነዚያ ትንንሾቹ ዛሬ የሰብሳቢዎች ንብረት ሆነዋል፤ እኔ ዋጋቸውን አይቼ ገጹን ዘግቼ ነው የምወጣው።

ስለዚህ በእኛ ጉዳይ ስብስቡ ራሱ አልበሙ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ቡዳ ሙዚክ በተባለ አሳታሚ በኩል ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ወደ 30 ቅጽ ገደማ ደርሷል። ሁሉንም ልግዛ ያለ ሰው ደመወዙን ይሰናበት። ከአራተኛው ይጀምር። ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹ የመሣሪያ ሙዚቃዎች፣ 14 ሥራዎች። በ2005 በአንድ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብተው ዓለም የሰማቸው ከዚህ ቅጽ ናቸው። «የከርሞ ሰው» ሲጀምር ጊታሩ እንደሚያጉረመርም ሰው ይገባል፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ተረጋግቶ ይመጣል። የማይቸኩል ሙዚቃ ነው። በአንድ ወሩ ፈተና አንድም አልዘለልኩም።

ሲዲውን ነው የገዛሁት፣ ያውም ያገለገለ። ምክንያቱ ከውስጡ ያለው መጽሔት ነው። ፎቶዎች አሉበት፣ ማን ምን እንደተጫወተ አለ፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው ሸክላ እንደወጣ አለ። ይህ መረጃ ስልክ ላይ ከሚገኘው ባዶ ርዕስ ጋር አይወዳደርም። ጽሑፉ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለራሳችን ሙዚቃ የተጻፈውን በሰው ቋንቋ ማንበብ ቅር ይለኛል። በአማርኛም ቢኖር ምን ነበረበት? እናቴም ታነበው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሙላቱ በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 በድጋሚ ታትሟል። ጥሩ አልበም ነው። ሆኖም አራተኛውን ቅጽ ለያዘ ሰው አስቸኳይ አይደለም፤ «ካሳለፍኩት ሁሉ»፣ «ሙናዬ»፣ «ደወል» የሚሉትን ርዕሶች ሁለቱም ላይ ታገኟቸዋላችሁ። በሦስት ሸክላ የተዘጋጀ እትምም አለው፤ አንዱ ሞኖ፣ አንዱ ስቴሪዮ፣ ሦስተኛው የስቱዲዮ ልምምድ። የተመራማሪ ነው፣ የእኔ አይደለም። ደብተሬ ላይ ከአጠገቡ «ይቆይ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ ከዚህ በፊት እኔን ያቃጠለኝ ነገር ነው። አንድ የድሮ ድምፃዊ ምርጥ ሥራዎች የሚል ሲዲ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ የወጣትነት ፎቶው አለ። ከፍቼ ስሰማ ዘፈኖቹ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ የተቀረጹ ናቸው። ናስ መሣሪያዎቹ የሉም፤ በእነሱ ቦታ አንድ ኪቦርድ ጥሩምባ እየመሰለ ይጮሃል። ድምፃዊው ያው ነው፣ ዘፈኑ ያው ነው፣ ግን ያ ቀን የለም። ከዚያ ወዲህ ጀርባው ላይ የቀረጻ ዓመትና የባንዱ ስም ያልተጻፈበትን አልበም አልነካም።

ወደ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ኢትዮፒክስ ቅጽ 21 ነው፣ በ2006 የወጣ። ፒያኖ ብቻ። ሌላ ምንም የለም። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፣ እዚያ ቫዮሊን ተማሩ። በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያ ዓለምን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱ፤ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ሄዱ። ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸው ገቢ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ነው የዋለው።

ሙዚቃቸውን እንዴት ልግለጸው። ግራ እጃቸው ወለል ላይ እንደሚራመድ ሰው ነው፣ በርጋታ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ዜማ አዋቂ ያንቆረቁራል፤ አንዱን ድምፅ ከመድረሱ በፊት በሦስት በአራት ትንንሽ ድምፆች ይዞረዋል። ቅኝቱ የእኛ ነው፣ ጣቱ የአውሮፓ ፒያኖ የተማረ ነው። ምት ልቁጠር ብላችሁ ብትሞክሩ ያመልጣችኋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላላችሁ፤ እሳቸው ሁለተኛው ላይ ቆመው ያስባሉ። ከዚያ እንደገና ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ አልገባኝም ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ሁሉም አንድ መሰለኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንዱ ዜማ መሃል ላይ ዝም ሲል ትንፋሼን እንደያዝኩ ታወቀኝ። ያን ቀን ፖስታውን ቆጠርኩ።

ከሁሉም አልበሞቼ ብዙ ጊዜ የተሰማው ይህ ነው። ደክሞኝ ስገባ፣ ሳልተኛ ስቀር፣ አስቸጋሪ ደብዳቤ ስጽፍ። ዋጋው በሰማሁት ጊዜ ብዛት ሲካፈል ከያዝኳቸው ሁሉ ርካሹ እሱ ይሆናል። «ሱቬኒር» የሚል ሌላ አልበማቸው በ2024 ወጥቷል፤ በዚያ ላይ ራሳቸው ይዘፍናሉ። ቤት ውስጥ በካሴት መቅረጫ የተቀዳ ስለሆነ ከመስኮቱ ውጭ ወፍ ሲንጫጫ ይሰማል። ቀረጻው ሸካራ ነው፣ ድምፃቸውም የሠለጠነ ድምፃዊ ድምፅ አይደለም። ለመጀመሪያ ግዢ አልመክረውም። ከቅጽ 21 በኋላ ግን የግድ ነው፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ጊዜ በጣታቸው ሲናገሩ የኖሩት እማሆይ የራሳቸው ድምፅ አላቸው።

ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቅጽ 7 ነው። በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራው፤ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ታትሞ ማሕሙድን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው። ስምንት ቀን ሳይሞላ ግዙት።

ጌታቸው መኩሪያን ግን ሰምታችሁት ካላወቃችሁ ተዘጋጁ። ቅጽ 14 ነው፣ ዋናው ሥራ የ1972። ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን የሚጫወት ሰው ነው። መሣሪያው ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስፈራራል፣ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ ይመስላል። ከኋላው ያለው ኦርጋንና ከበሮ ደግሞ ተረጋግቶ ይጠብቀዋል። ታላቅ ወንድሜ ሰምቶ «ይሄማ ሰው ነው እንጂ ጡሩምባ አይደለም» አለኝ። በእኔ ፈተና ግን ሁለት ጊዜ ዘለልኩ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይከብዳል። ሆኖም ሕጌን ጥሼ ገዛሁት። አንዳንዱ አልበም በየቀኑ የሚሰማ አይደለም፣ ግን ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ስድስተኛው ነው የሚያሳዝነኝ። ሸክላ ነው። ጓደኛዬ የሸክላ ማጫወቻ አላት፣ እኔ የለኝም። ግን የትልቁ ሽፋን ፎቶ አሳስቶኝ ከአንድ ሻጭ ያገለገለ ሸክላ አዘዝኩ። ሁኔታው ሻጮች በሚጠቀሙበት የጥራት ደረጃ «በጣም ጥሩ ሲደመር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የመላኪያው ወጪ የአልበሙን ያህል ሆነ፤ ሸክላ ከባድ ነው፣ ማሸጊያውም ትልቅ ካርቶን ይፈልጋል። ጓደኛዬ ቤት ወስደን ስናስቀምጠው ጠርዙ ተጣሟል። መርፌዋ በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ እያለች እንደ ጀልባ ትሄዳለች። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ዘለለች። እንደገና አስቀመጥናት፣ እንደገና ዘለለች። ለሻጩ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ መልስ አላገኘሁም። ጓደኛዬ በሁለት ወፍራም መጻሕፍት መሃል አስቀምጠሽ ሞክሪ አለችኝ። ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩት፤ ትንሽ እንኳን አልተቃናም።

ስለዚህ ማጫወቻ ለሌለው ሰው ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። ሙዚቃውን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ዲጂታሉን ይግዛ። ታሪኩንና ፎቶውን የሚፈልግ ከሆነ ያገለገለ ሲዲ ይፈልግ፤ ሲዲ ትንሽ ጭረት ይችላል፣ በፖስታም ቀሎ ይሄዳል። ሸክላ ከማጫወቻው በኋላ።

ዲጂታሉን የምገዛው ባንድካምፕ በሚባል የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ነው። ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱን በደንብ ልንገራችሁ። ብዙዎቹን አልበሞች ሳትገዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማት ትችላላችሁ፤ የእኔ የአንድ ወር ፈተና የሚካሄደው እዚያ ነው። ከገዛችሁ በኋላ ፋይሉ የእናንተ ነው። ጥራቱ ያልቀነሰውን ፍላክ የተባለውን ዓይነት ወይም ለስልክ የሚቀለውን ኤምፒስሪ መምረጥ ይቻላል። ስልኬ ሲሰበር ሁሉንም እንደገና አውርጃለሁ፣ ተጨማሪ ሳልከፍል። ድረ ገጹ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ አርብ ቀናት ድርሻውን ይተዋል፤ እኔም ፖስታዬን እስከዚያ አርብ አቆየዋለሁ። ለእኔ ዋጋው አይቀንስም፣ ለሙዚቀኛውና ለአሳታሚው ግን ይጨምራል።

የማይመቸኝ አንድ ነገር አለ። ክፍያው የውጭ ካርድ ይጠይቃል። ካርድ የሌለው ሰው ዘመድ ወይም ጓደኛ መለመን ሊኖርበት ነው። እኔ የማዘዘው በአክስቴ ልጅ በኩል ነው፤ ገንዘቡን አስቀድሜ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ከፍሎ ኮዱን ይልክልኛል። ሁልጊዜ «ደግሞ ሌላ?» ይለኛል። ግን ሁልጊዜም ይልከዋል።

ቀጣዩ ደብተሬ ላይ የተከበበው ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። በፈተናው ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነኝ። እስካሁን አልዘለልኩም። ፖስታው ግማሽ ደርሷል።